ራኒንግ ባክ ምንድን ነው? በባሪ ሳንደርስ እንየው

የአሜሪካን ፉትቦል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ኳሱ ወዴት እንደገባ ይጠፋዋል። ሃያ ሁለት ሰው በአንዴ ይላተማል፣ ይወድቃል፣ ይደራረባል። ከዚያ ክምር መሐል አንዱ ኳሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሹልክ ይላል። እሱ ነው ራኒንግ ባክ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የሚያጠቃው ቡድን 4 ሙከራ አለው። በነዚያ ሙከራዎች 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን አርቆ ሊወረውር ይችላል። ካልሆነ አጠገቡ ለቆመው ራኒንግ ባክ ሆዱ ላይ ያስታቅፈዋል። ፊት የተሰለፉ 5 ወጠምሾች ተከላካዮቹን እየገፉ በር ይከፍቱለታል። በሩ ግን ዓይን እስኪጨፈን እንኳን አይቆይም።

አንድ ሩጫ በአማካይ 4 ያርድ ካመጣ ማንም አያማርርም። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ባሪ ሳንደርስ የካንሳስ ግዛት የዊቺታ ልጅ ነው። ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለት ዓመት የተርመን ቶማስ ተጠባባቂ ሆነ። ቶማስም ቀላል ሰው አልነበረም፤ በኋላ ከታላላቆቹ መዝገብ የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ቶማስ ሲሄድ ተራው ለ20 ዓመቱ ሳንደርስ ደረሰ። በ11 ጨዋታ 344 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጠ። 2,628 ያርድ፣ 37 ታችዳውን፤ ታችዳውን ማለት ኳሱን ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ አድርሶ ማስቆጠር ነው። በአንድ ሩጫ 7.6 ያርድ ማለት ነው። ያቺን 4 አስታውሱ።

2,628 ያርድ በሜትር 2,400 ይሆናል፤ ስድስት ዙር ትራክ። ለእኛ አገር ሯጭ ሰውነት ማሟሟቂያ ናት። ግን ቀነኒሳን በየአሥር እርምጃው 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተወርውሮ አይጥለውም።

ሳንደርስ ቁመቱ 1.73 ሜትር ገደማ ነበር። አጭር ነው፣ ጭኑ ግን ግንድ ነው። ከግዙፎቹ ጀርባ ሲደበቅ ተከላካይ አያየውም፤ ሲያየው ደግሞ አልፎታል። የእሱ ጥበብ በእኛ ሰፈር ቋንቋ አብዶ ነው። በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ቀጥ ይላል፣ ወደ ጎን ይዘላል፣ እንደገና ይፈተለካል። ሊይዘው የዘለለው ሰው አየር አቅፎ ይወድቃል።

አብዶ ደግሞ ዋጋ አለው። በር ሲዘጋበት ወደ ኋላ እየዞረ ሌላ በር ይፈልግ ነበር። እዚያው ከተያዘ ያርዱ ከድምሩ ይቀነሳል። በፕሮፌሽናል ዘመኑ፣ በ1994 መጨረሻ ከግሪን ቤይ ቡድን ጋር በተደረገ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ 13 ጊዜ ሮጦ ድምሩ ከዜሮ በታች 1 ያርድ ሆነ። ያው ሰውዬ ነው!

ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው የሄይስማን ዋንጫ በ1988 የእሱ ሆነ። ዜናው ሲነገር ሳንደርስ የነበረው ዋንጫው በሚሰጥበት ኒውዮርክ ሳይሆን ቶኪዮ ነበር። ቡድኑ ከቴክሳስ ቴክ ጋር ጃፓን ሄዶ መጫወት ነበረበት። እዚያም 332 ያርድ ሮጠ።

አሁን ወደ ክርክሩ። 2,628 ያርዱ በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ነው፤ ግን ከኋለኞቹ ጋር እንዴት ይነጻጸራል? የዓመት መጨረሻ ጨዋታ፣ ቦውል የሚሉት፣ ያኔ ከመዝገብ ውጭ ነበር። ሳንደርስ በዚያ ጨዋታ ዋዮሚንግ ላይ 222 ያርድና 5 ታችዳውን ጨምሯል። ቢደመር 2,850 ይሆን ነበር። ቦውል መቆጠር የጀመረው ከ2002 ወዲህ ነው፤ የቀድሞውን ግን አልነኩትም። በ2024 የቦይዚ ስቴቱ አሽተን ጂንቲ ቦውሉ ተቆጥሮለት፣ በ14 ጨዋታ 2,601 ያርድ ላይ ቆመ። ክብረ ወሰኑን ለመጋራት 27 ያርድ ቀረው። በእኔ ሚዛን ቢሰብረው ኖሮም፣ ሦስት ጨዋታ በሚበልጥ ጉዞ ስለሆነ ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር።

ሳንደርስ ራሱ ለቁጥር ግድ አልነበረውም። ታችዳውን ሲያስቆጥር አይጨፍርም፤ ኳሱን ለዳኛው አቀብሎ ይሄዳል። በ1989 በፕሮፌሽናሉ የዲትሮይት ላየንስ ቡድን የመጀመሪያ ዓመቱ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ከሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ጋር እኩል ለመሆን 10 ያርድ ብቻ ቀርቶት ነበር። ቡድኑ እየመራ ስለነበር ተመልሶ አልገባም። ቀዳሚነቱ በ1,480 ያርድ የናይጄሪያው ተወላጅ የክርስቲያን ኦኮዬ ሆነ።

ሳንደርስ አሥር ዓመት በላየንስ ተጫወተ፤ በ1997 ብቻ 2,053 ያርድ ሮጧል። ጠቅላላው 15,269 ሲደርስ፣ የያኔውን የሊጉን የምንጊዜም ክብረ ወሰን፣ የዋልተር ፔይተንን 16,726፣ ለመያዝ 1,457 ቀረው። በመጨረሻው ዓመቱ በ1998 እንኳን 1,491 ሮጦ ነበር። ዕድሜው ገና 31፣ ጉልበቱም አልተነካም። በሐምሌ 1999 ልምምድ ሊጀመር ሲል፣ ለትውልድ ከተማው ለዊቺታ ጋዜጣ ፋክስ ላከ። በቃኝ የሚል ነበር።