ሂት ትራንስፈር ምንድን ነው? የአባይ በረሃው ሹፌር ለምን ማሞቂያ ከፈተ?

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ስትይዙ የመኪናው ሙቀት መለኪያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ስንሄድ ሹፌራችን ያደረገው ነገር ተሳፋሪውን በሙሉ አስጮኸው። ውጪው እሳት ነው። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። እሱ ደግሞ እጁን ሰደደና የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው! ሙቅ አየር ፊታችን ላይ ተለቀቀ። ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አሉ። እሱ አልመለሰም፤ ዓይኑ ቀስቷ ላይ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀስቷ ወረደች።

እኔ ያኔ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። ሂት ትራንስፈር (የሙቀት ዝውውር) የሚባለውን ኮርስ ወስጄ አልፌያለሁ፣ ቀመሩን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ግን ሰውየው ምን እየሠራ እንደሆነ እስኪገባኝ ዳገቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከዚያ መኪና ብንጀምረው ይሻላል።

በመጀመሪያ አንድ የቋንቋ ጣጣ አለብን። በአማርኛ «ሙቀት» የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንዱ አንድ ነገር ምን ያህል እንደጋለ የሚነግረን፣ በዲግሪ የምንለካው ነው፤ እሱን መጠነ ሙቀት እንበለው። ሌላው ከጋለው ወደ ቀዘቀዘው የሚሄደው ጉልበት ራሱ ነው። የክብሪት እሳት መጠነ ሙቀቱ ለብ ካለ አንድ በርሜል ውሃ እጅግ ይበልጣል፣ ግን በክብሪት ገላችሁን የምትታጠቡበት ውሃ አታሞቁም። ሂት ትራንስፈር የሚያጠናው ሁለተኛውን ነው፦ ጉልበቱ በየት በኩል ይሄዳል፣ በምን ፍጥነትስ? ቴርሞዳይናሚክስ፣ የሙቀትና የጉልበት አጠቃላይ ሕጎች ትምህርት፣ «የተቀመጠ ቡና መቀዝቀዙ አይቀርም» ብሎ ይተወዋል። «በስንት ደቂቃ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው ሂት ትራንስፈር የሚመጣው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ሲቃጠል ጋዙ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። የብዙ መኪና ቴስታታ (ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ደግሞ ከአሉሚኒየም ነው የሚሠራው፣ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። ታዲያ ለምን እንደ ቅቤ ቀልጦ አይፈስም? እሳቱ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፣ ከዚያም በላይ ሙቀቱ ብረቱ ላይ ሳይከማች ይወሰዳል። ከነዳጁ ጉልበት ጎማውን የሚያንቀሳቅሰው በግምት ሲሶው ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረውን ሲሶ የሚሸከመው ውሃው ነው፣ ማለትም ኩላንቱ።

የጉዞው መስመር እንዲህ ነው። ከጋለው ጋዝ ወደ ብረቱ፣ በብረቱ ውስጥ አልፎ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ራዲያተሩ (ከመኪናው ፊት ያለው የውሃ ማቀዝቀዣ) ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ውጪው አየር። በጠጣር ነገር ውስጥ፣ ዕቃው ራሱ ሳይንቀሳቀስ ሙቀቱ ብቻ ሲያልፍ ኮንዳክሽን ይባላል። ሕጉን በ1822 አሳትሞ ያወጣው ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ ነው (ከዚያ በፊት ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ ነበር፤ ስለ ሙቀት ማሰብ እዚያ ይሆን የጀመረው እያልኩ እቀልዳለሁ)። ዕቃዎች በዚህ በኩል አይገናኙም። የመዳብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 400 ዋት በሜትር በዲግሪ አካባቢ ነው፣ የአሉሚኒየም 237፣ የማይዝገው ብረት 15 ገደማ፣ የረጋ አየር ደግሞ 0.026። ወፍራም ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ ስለሚሞቅ አይደለም፤ በክሮቹ መካከል አየር አስሮ ስለሚይዝልን ነው።

ውሃ ወይም አየር እየተንቀሳቀሰ ሙቀቱን ይዞ ሲሄድ ኮንቬክሽን ነው። ኒውተን በ1701 ከጻፈው የመጣው ቀመር ቀላል ነው፤ ሦስት ነገር ታባዛላችሁ፦ የገጹን ስፋት፣ የመጠነ ሙቀቱን ልዩነት፣ እና ፈሳሹ ወይም አየሩ ምን ያህል ሙቀት ይቀበላል የሚለውን ቁጥር። ጉዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። በፋን ለሚነፍስ አየር ይህ ቁጥር ከ25 እስከ 250 ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ነው። በፓምፕ ለሚገፋ ውሃ ግን እስከ 20,000 ሊደርስ ይችላል።

ይህ ትምህርት በአንድ ነገር ብቻ ይታወስ ብትሉኝ የምመርጠው ይህንን ነው። ሙቀቱ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በሰልፍ የተያያዙ ናቸው፣ የሰልፉን ፍጥነት የሚወስነውም ከሁሉም የዘገየው ነው። አራት መስመር አስፋልት አንዲት ጠባብ ድልድይ ላይ ሲደርስ አስፋልቱን ስድስት መስመር ብታደርጉት ምን ዋጋ አለው? በራዲያተር ውስጥ ጠባቧ ድልድይ አየሩ ያለበት ወገን ነው። ውሃው ሙቀቱን በደንብ ያስረክባል፣ አሉሚኒየሙም ወዲያው ያሳልፋል፣ አየሩ ግን ተቀብሎ አይጨርስም። ራዲያተር ላይ እንደ ወረቀት የሳሱ፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆርቆሮዎች የተደረደሩትም ለዚህ ነው። አየሩ ደካማ ስለሆነ ስፋት ይጨመርለታል።

እና ዳገቱ ላይ ምን ሆነ? ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ ብዙ ነው። መኪናው ግን በዝቅተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ስለሆነ በራዲያተሩ የሚያልፈው ንፋስ አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ በረሃ ነው። ውሃው 90 ዲግሪ ሆኖ ውጪው 20 ቢሆን ልዩነቱ 70 ነበር፤ ውጪው 35 ሲሆን 55 ብቻ ይቀራል። ከቀመሩ ሦስት ብዜቶች ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቀነሱ ማለት ነው። የቀረችው ስፋቷ ናት። የመኪና ማሞቂያ ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ ያው የሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት፣ የራሱ ፋን ያለው ትንሽ ራዲያተር ነው! ሹፌሩ ስፋት ጨመረ። ዲግሪ የለውም፣ ፉሪዬንም አልሰማም፣ ግን ጠባቧ ድልድይ የት እንዳለች ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ራዲዬሽን ነው፣ ጨረር። ከፀሐይ የሚመጣልን በዚህ ነው፣ መካከል ላይ ምንም ነገር አያስፈልገውም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በቀትር አናታችሁን የሚጠብሳችሁም በአብዛኛው የጋለው ጣሪያ ጨረር ነው፣ ኮርኒስ ሲወጠር ወዲያው የሚታወቃችሁም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን የስም ስህተት ልጠቁም። ራዲያተር ስሙ ከራዲዬሽን ነው የመጣው፣ ሥራው ግን ኮንቬክሽን ነው። በ90 ዲግሪ ላይ ያለ ራዲያተር፣ ፊትና ጀርባውን ደምረን እንኳ፣ በጨረር የሚያወጣው ከጥቂት መቶ ዋት አያልፍም። ዳገት ላይ ማስወገድ ያለበት ደግሞ ብዙ አስር ሺህ ዋት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ኮርሱን አልወሰደም መሰለኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመር የለመደብን ነገር ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ቱቦው ውስጥም ይጋገራል፣ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙም ከአሉሚኒየም በብዙ አስር እጥፍ ያነሰ ነው። ማለትም ሌላ ጠባብ ድልድይ በገዛ እጃችሁ ሠራችሁ። ሞተሩ ሲግል ደግሞ ክዳኑን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም የማይፈላው ግፊት ስላለበት ነው፤ ክዳኑ በተነሳ ቅጽበት ይፈላና ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

ደጀን ገብተን ንፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ሹፌሩ ማሞቂያውን ዘጋው። እኚያ እናት ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ፊት መጡ። «ልጄ፣ ምን አድርገንህ ነው እንዲህ የጠበስከን?»

«እናቴ፣ እናንተን ባልጠብስ ሞተሩ ይጠበስ ነበር።»