«ገና አዲስ ይመስላል» አይበቃም፦ ስለ ስፖርት መኪና ቀበቶ የሚነገሩ ስህተቶች

«ቀበቶው እኮ ገና አዲስ ነው፤ እየው!» የሚል ሰው ሁልጊዜ ጣቱን የሚቀስረው ከዘለበቱ አጠገብ ወዳለው ጥብጣብ ነው። ሃርነስ፣ ማለትም ባለ አራት፣ ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስት ነጥብ የውድድር ቀበቶ፣ ቀድሞ የሚያረጀው ግን እዚያ አይደለም። ከመቀመጫው ጀርባ፣ ከምንጣፉ ሥርና በማስተካከያው ብረት አካባቢ ነው የሚያልቀው። እዚያ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ደግሞ ጥቂት ነው።

«ካልተቆረጠና ካልተተለተለ ይሠራል»

ከሁሉም የሚያታክተው ይሄኛው ነው። ጥብጣብ ሳይቆረጥም ጉልበቱን ይጨርሳል። የተሸመነው ከቀጫጭን የፖሊስተር ወይም የናይሎን ክሮች ሲሆን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ክሮቹን ያደክማቸዋል። ናይሎን ከፖሊስተር ቀድሞ ይሸነፋል፤ በዚያ ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲጎተትም የበለጠ ይለጠጣል። ጣሪያቸው የሚከፈትና የትከሻ ጥብጣባቸው ከኋላ መስታወት ሥር የሚያልፍ መኪኖች ቶሎ ይጎዳሉ። መስታወት ከጨረሩ ከፊሉን እንጂ ሁሉንም አያስቀርም።

መፈተሹ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ማስተካከያውን አላሉና ብረቱ ሸፍኖት የኖረውን ክፍል ወደ ውጭ ሳቡት፤ ከዚያ ፀሐይ ሲመታው ከኖረው ክፍል ጋር አስተያዩት። ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሄደ ክርክር የለም፣ ይቀየር። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፦ ቀለሙ ስላልለቀቀ ብቻ ጥብጣቡ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ ጥብጣቡን አጥፋችሁ ሽመናውን ተመልከቱ። በክሮቹ መካከል ደቃቅ አሸዋ ካለ ጥብጣቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከውስጥ እየከረከመው ነው። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሱት። ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ መሃል ላይ ካለ ጭረት ትከፋለች፤ ጭነት ሲመጣ መቀደዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መቀመጫው ነው፦ የፋይበርግላስ መቀመጫ ቀዳዳ ጠርዙ በላስቲክ ካልተሸፈነ ጥብጣቡን እንደ መጋዝ ይበላዋል። እጅ ላይ ደረቅ የሚል፣ የሚያብረቀርቅና የቀለጠ የሚመስል ቦታ ካገኛችሁ ደግሞ ፍተሻውን አቁሙ። ያ ጥብጣብ በከባድ ጭነት ብረት ላይ ተንሸራቷል።

መቀመጫውን ሳታወጡ ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም። ምንጣፉን አንሡ፣ ቡሎኖቹንና መንጠቆዎቹን እዩ። የዛገ፣ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ብረት ካለ ጥብጣቡ ምንም ያህል ቢያምር ቀበቶው አይሠራም። ባትሪው ከኋላ ሻንጣ ክፍል ከሆነ በአቅራቢያው ያለውን ማሰሪያ በተለይ ተመልከቱ፤ የባትሪ አሲድ ናይሎንን ይበላል። ፖሊስተርን የሚጎዱት ደግሞ እንደ አንዳንድ የቅባት ማስለቀቂያዎች ያሉ ጠንካራ አልካላይን ፈሳሾች ናቸው።

«መለያው ላይ ያለው ቀን የሻጮች ተንኮል ነው»

ቀኑ ባለፈ ማግስት ጥብጣቡ እንደማይበጠስ እናውቃለን። ግን ቀኑ የተቀመጠው የውስጥ ድካምን በዓይን መለካት ስለማይቻል ነው። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በኤፍአይኤ፣ የቀድሞ 8853/98 ደረጃ የተሠራ ቀበቶ የ5 ዓመት ዕድሜ አለው፤ መለያው ላይ የተጻፈው ዓመት ሲያልቅ እሱም ያበቃል። በአሜሪካው የደረጃ አውጪ ድርጅት፣ በኤስኤፍአይ፣ 16.1 ደረጃ የተሠራው የሚፈቀድለት 2 ዓመት ብቻ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከተሠራበት ጊዜ እንጂ መኪናው ላይ ከገጠማችሁበት አይደለም። ስለዚህ ስትገዙ መለያው የሚናገረው የተሠራበትን ነው ወይስ የሚያበቃበትን የሚለውን ለዩ፤ ሁለቱን አምታቶ ዕድሜው ሊያልቅ የተቃረበ ቀበቶ በአዲስ ዋጋ የሚገዛ ሰው አይጠፋም።

ውድድር ላይ የቴክኒክ ተቆጣጣሪው አይከራከራችሁም፣ ያስወጣችኋል። ተቆጣጣሪ በሌለበት ትራክ ለመዝናናት ለሚነዳም የኤፍአይኤውን 5 ዓመት ጣሪያ አድርጎ መያዝ ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነ ከዚያም በፊት ነው የሚቀየረው።

«አንዴ አድኖኛል፣ ሁለተኛም ያድነኛል»

አያድንም። ጥብጣቡ በግጭት ጊዜ የሚለጠጠው ታስቦበት ነው፤ የሰውነትን ግፊት የሚያበርደው በመለጠጡ ነው። አንዴ ከተለጠጠ በኋላ ያ አቅም አይመለስም። ከከባድ ግጭት በኋላ ሙሉው ቀበቶ ይቀየራል፣ የታሰረባቸው ነጥቦችም ይፈተሻሉ። ሰው ያልታሰረበት የጎን መቀመጫ ቀበቶ ጭነት አልተሸከመም፤ ሆኖም መቀመጫው ወይም ማሰሪያ ነጥቡ ከተጣመመ እሱንም አውጡት።

«የተበላሸውን አንዱን ጥብጣብ ብቻ እቀይራለሁ።» የኤፍአይኤ ደንብ የተለያዩ ቀበቶዎችን ክፍሎች ማቀላቀልን ይከለክላል፤ ሙሉ ስብስብ ግዙ።

«ልብስ ሰፊ ጋ ይሰፋልኛል።» በፍጹም።

«በበረኪና ይነጻል።» ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ጥላ ላይ ማድረቅ።

«ዘለበቱ ከከበደ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው።» ዘይት አቧራ ይሰበስባል። በአየር ግፊት አጽዱት፤ አሁንም በአንድ እንቅስቃሴ ካልተፈታ ቀበቶውን ቀይሩ።

«አዲስ ገዛሁ፣ ጨረስኩ»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው። አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት እ.ኤ.አ. በ2001 በዴይቶና 500 ውድድር ከሞተ በኋላ የውድድሩ አስተዳዳሪ ድርጅት ናስካር ባወጣው ሪፖርት የግራ የወገብ ቀበቶው ተበጥሶ እንደነበርና መንስኤው ጥብጣቡ በማስተካከያው ብረት ውስጥ ወደ አንድ ጎን መሰብሰቡ እንደሆነ ገልጿል። ጥብጣብ በብረቱ ውስጥ ዝርግ ሆኖ ካልተኛ ጭነቱ ሁሉ አንድ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። የወገቡ ጥብጣብ የሚሳብበት አቅጣጫና ማሰሪያው የዞረበት አቅጣጫ አንድ መሆን አለባቸው።

የትከሻ ጥብጣቦች ከመቀመጫው ጀርባ ጫፍ ወደ ኋላ ሲወርዱ ከአግድም መስመር ከ10 ዲግሪ ባይበልጡ ይመረጣል፤ 45 ዲግሪ የመጨረሻው ገደብ ነው። ወለል ላይ የታሰረ የትከሻ ጥብጣብ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። ቡሎኑ ኤም12 ባለ 8.8 ጥንካሬ ወይም 7/16 ኢንች ይሁን። መቀመጫው ላይ ወይም የመቀመጫው እግር ላይ ማሰር ክልክል ነው። ማሰሪያው ባለ ሦስት ዘንግ ማያያዣ፣ ማለትም ጥብጣቡ በሦስት አግድም ዘንጎች መካከል የሚጠላለፍበት ብረት፣ ከሆነ ጥብጣቡ ተመልሶ በብረቱ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ከዚያ በኋላም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ይትረፍ። ይህን የመልስ ዙር የዘለለ ሰው ቀበቶው ጭነት ሲያገኝ ሾልኮ ይወጣበታል።

በእግር መሃል የሚያልፈው ጥብጣብ «አይመችም» ተብሎ ይወልቃል። ያለ እሱ የትከሻዎቹ ጥብጣቦች የወገቡን ከዳሌ አጥንት ላይ ወደ ሆድ ይስቡታል፤ ሰውነትም በሥሩ ይንሸራተታል።

አስፋልት ላይ ለሚነዳ መኪናም ሃርነስ በራሱ ማሻሻያ አይሆንም። ሮል ባር፣ ማለትም መኪና ሲገለበጥ ተሳፋሪውን የሚከላከል የብረት ቅስት፣ የሌለው መኪና ቢገለበጥና ጣሪያው ቢጨፈለቅ በሃርነስ የታሰረ ሰው ወደ ጎን መዘንበል አይችልም። የፋብሪካውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አታውልቁ። እሱም ቢሆን በግጭት ጊዜ በፍንዳታ የሚያጠብቀው ክፍል አንዴ ከሠራ ሁለተኛ አይሠራም፣ ይቀየራል።

ያወጣችሁትን አሮጌ ሃርነስ ከመጣላችሁ በፊት ጥብጣቦቹን ሁሉ በመቀስ መሃል ለመሃል ቁረጧቸው፤ ካልሆነ አጥቦ የሚሸጠው አይጠፋም።