የባለተሰጥኦ ተማሪዎች ፈተና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች፣ ልጃቸው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ፣ የፈተና ውጤት የያዘ ደብዳቤ ከትምህርት ቤት ይደርሳቸዋል። ከቁጥሮቹ በታች ልጁ ለልዩ ተሰጥኦ ፕሮግራም መመረጡን ወይም አለመመረጡን የሚገልጽ አንድ መስመር አለ። «ስንተኛ ወጣህ?» እየተባልን ያደግን ወላጆች ያንን መስመር እንደ መጨረሻ ፍርድ እንቀበለዋለን። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ስለ ፈተናው በየቤቱ ከሚነገረው ብዙው ትክክል አይደለምና።

«95ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ 95 ማምጣት ነው»

አይደለም። ልጁ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት መቶ ተማሪዎች 95ቱን ያህል በልጧል ማለት ነው፤ ስንት ጥያቄ እንደመለሰ አይናገርም። ከእነማን ጋር እንደተነጻጸረም ይጠይቁ። ከመላ አገሪቱ ተማሪዎች ጋር ሲታይ 88ኛ የሆነ ልጅ፣ ከራሱ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሲታይ 97ኛ ሊሆን ይችላል።

«የትምህርት ውጤት ፈተና የተፈጥሮ ችሎታን ይለካል»

የሚለካው ልጁ እስከዚያ ቀን የተማረውን ነው፤ ያውም በፈተናው ቋንቋ። «ዮናስ 12 ብርቱካን፣ ሳራ 7 ብርቱካን አላቸው፤ የዮናስ በስንት ይበልጣል?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቀረበ እንበል። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ የሚናገር ልጅ «more» (ተጨማሪ) የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ይዞ ሁለቱን ቁጥሮች ይደምርና 19 ብሎ ይመልሳል። መቀነስ አቅቶት አይደለም። የፈተናው ወረቀት ግን ይህን ለይቶ አያሳይም፤ ስህተት ብሎ ያልፋል።

ይህን ስል ግን ፈተናው ይቅር ማለቴ አይደለም። የሚቀጥለውን ዓመት ሒሳብ ዛሬ የሚያውቅ ልጅ ከፍ ያለ ሒሳብ የሚያስፈልገው ዛሬ ነው፤ ይህንን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየውም የትምህርት ውጤት ፈተና ነው። ከፍተኛ ውጤት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ዝቅተኛ ውጤት ግን ተሰጥኦ የለም ለማለት አያበቃም።

«99ኛ ፐርሰንታይል ያገኙ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው። ሁለት የሦስተኛ ክፍል ልጆች የክፍላቸውን ፈተና ጥያቄዎች በሙሉ መለሱ እንበል። አንዷ የሦስተኛ ክፍልን ሒሳብ ጠንቅቃ ታውቃለች። ሌላዋ ክፍልፋይን ጨርሳ የአልጀብራ ጥያቄ እየፈታች ነው። ፈተናው ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የአንድ ሜትር ማስመሪያ ከአንድ ሜትር በላይ ያለውን ቁመት መለካት አይችልምና።

መፍትሔውን በስፋት ያስተዋወቁት ብዙ ሀበሻ ከሚኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ ብዙም በማይርቀው በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጁሊያን ስታንሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 በጀመሩት የተሰጥኦ ፍለጋ፣ ለዩኒቨርሲቲ አመልካቾች የተዘጋጀውን የኤስ ኤ ቲ የሒሳብ ፈተና ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች ሰጡ። በክፍላቸው ፈተና እኩል ይመስሉ የነበሩት ልጆች በዚህኛው ተራርቀው ታዩ፤ ጥቂቶቹ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚዘጋጁ ወጣቶች ብዙዎቹን የሚበልጥ ውጤት አመጡ። ከክፍል በላይ መፈተን የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ልጅዎ በየዓመቱ የክፍሉን ፈተና ጣሪያ እየነካ ከተመለሰ፣ ሁለትና ሦስት ክፍል ከፍ ባለ ፈተና እንዲታይ ይጠይቁ።

«ተሰጥኦ ያለውን ልጅ መምህሩ ያየዋል»

በእኛ ቤት ልጅ በአዋቂ ፊት ዝም እንዲል ይማራል፤ ወላጅም መምህርን መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ልጅ በጥቆማ ብቻ በሚሠራ ትምህርት ቤት በቀላሉ ይታለፋል።

በፍሎሪዳ የብራዋርድ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የሚመረምሩት መምህር ወይም ወላጅ የጠቆማቸውን ልጆች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ግን የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁሉ በቃላት ላይ ያልተመሠረተ አጭር ፈተና መፈተን ጀመሩ። ዴቪድ ካርድ እና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች መረጃውን ሲያጠኑ፣ የመግቢያው መስፈርት ዝቅ ሳይል ወደ ፕሮግራሙ የገቡት ጥቁር፣ ሂስፓኒክ እና የድሃ ቤተሰብ ልጆች ቁጥር በእጅጉ ጨምሯል። ልጆቹ ድሮም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። በጀት ሲቀነስና ለሁሉም የሚሰጠው ፈተና ሲቋረጥ በእነዚህ ልጆችና በሌሎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ተመልሶ መጣ።

«በአንድ ነጥብ ያላለፈ ልጅ ባለተሰጥኦ አይደለም»

ማንኛውም ፈተና የልኬት ስህተት አለው። ያው ልጅ በሌላ ሳምንት ቢፈተን 94ኛው 96ኛ፣ 96ኛውም 94ኛ ሊሆን ይችላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባለተሰጥኦ ልጆችን በአእምሮ ብቃት ፈተና ሲመርጡ፣ ተፈትነው ሳይመረጡ ከቀሩት መካከል ዊሊያም ሾክሊ እና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሾክሊ እ.ኤ.አ. በ1956፣ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በአሜሪካ ባለተሰጥኦ ተማሪዎች እንዴት እንደሚለዩ የሚደነግግ የፌዴራል ሕግ የለም። በአንዱ ካውንቲ ያልተመረጠ ልጅ በጎረቤቱ ካውንቲ ሊመረጥ ይችላል። ስለዚህ የፈተናውን ስም፣ የማለፊያ ነጥቡን እና የይግባኝ መንገዱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ለትምህርት ቤቱ ሲጽፉ «ልጄ ጎበዝ ነው» ብቻ አይበሉ፤ ልጁ የፈታቸውን ከክፍሉ በላይ የሆኑ ሒሳቦች፣ የጻፋቸውን ታሪኮች፣ በአማርኛ የሠራቸውንም ጭምር ያያይዙ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎት ከሆነ፣ ስለ ተሰጥኦ ፕሮግራም ለሚደረገው ውይይትም ጭምር ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብልዎት ይጠይቁ። የይግባኙ ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል ደብዳቤው በደረሰዎት ሳምንት ይጀምሩ።