የካርታ ኤዲተር ምንድን ነው? ሥዕል መሣያ ግን አይደለም

እዚህ ጎንደር «የካርታ ኤዲተር እየሠራሁ ነው» ማለት ጣጣ አለው። ባለፈው ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በር ላይ ያዙኝና «አንተ ልጅ፣ ካርታ ታስተካክላለህ አሉኝ። የእኔን በጓሮ በኩል ሁለት ሜትር ብትገፋልኝስ?» አሉኝ። የይዞታ ካርታቸውን ማለታቸው ነው። ጓደኞቼ ደግሞ የቁማሩን ካርታ እያነሱ ይቀልዱብኛል። ይህን በሳቅ አልፌዋለሁ።

ያላለፍኩት ሌላ ነው። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ይህን ፕሮግራም እንደምጽፍ የሰማ አንድ ኮምፒውተር አዋቂ፣ ባገኘኝ ቁጥር «ፎቶሾፕ እያለ ምን አደከመህ? የጎግልን ካርታ ስክሪንሾት አንስተህ ላዩ ላይ አትሥልም?» ይለኛል። ሦስተኛ ጊዜ ሲለኝ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ከጎግል ገልብጦ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ (ማንም ሰው የሚያርመው የዓለም ነፃ ካርታ ነው) መጫን ክልክል መሆኑን ለጊዜው እንተወው። ችግሩ «መሣል» የምትለዋ ቃል ናት። ሥዕል ውስጥ መንገድ የለም። ቀለም ነው ያለው። ኤዲተር የሚነካው ደግሞ ሥዕሉን አይደለም፤ ሥዕሉ የሚወጣበትን መዝገብ ነው።

መቁጠሪያ አስቡ። በኦፕንስትሪትማፕ አሠራር ካርታ የሚጀምረው ከፍሬው፣ ማለትም ከነጥቡ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ቁጥር፣ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ አለው። መንገድ ማለት ክሩ ነው፤ በየትኞቹ ፍሬዎች፣ በምን ተራ እንደሚያልፍ ይናገራል። መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ ቢኖረው፣ እዚህ አንድ ክር እስከ 2,000 ይይዛል። ክሩ ላይ ወረቀት ይንጠለጠላል፦ አስፋልት ነው፣ ስሙ እንዲህ ነው፣ ወይም አጥር ነው። የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ገደማ ነው። ክሩ ዞሮ የመጀመሪያው ፍሬ ላይ ካልተቋጨ ግን ለኮምፒውተሩ ግቢ የሚባል ነገር የለም። የተጣመመ መስመር ነው፣ በቃ።

አሁን ሁለት መንገድ ይገናኙ። አንድ ፍሬ በሁለት ክር ይወጋል ማለት ነው። ፍሬውን ስትጎትተው ሁለቱም መንገዶች አብረው ይመጣሉ። አንዱን ፍሬ በመጋራት ፈንታ ሁለት ፍሬ ልክ ተደራርበው ቢቀመጡስ? ስክሪኑ ላይ ምንም ልዩነት አታይም። ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርድ ሰው ግን የስልኩ መንገድ መሪ ፕሮግራም እዚያ መታጠፊያ ላይ «አይገናኝም» ብሎ ከተማውን ሊያዞረው ይችላል። ቀሃ ወንዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ድልድዩ ላይ መንገዱና ወንዙ ይሻገራሉ፣ ፍሬ ግን መጋራት የለባቸውም። ከተጋሩ መኪናው ውኃ ውስጥ ይገባል ብለህ መዝግበሃል። ሥዕል ላይ ሁለቱም ያው መስቀል ናቸው። እስቲ ይህን በፎቶሾፕ አሳየኝ፣ ወንድሜ!

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል እንጂ። እውነተኛ ክር ርዝመት አለው፣ ይጨበጣል። የእኔ ክር የራሱ ቦታ እንኳ የለውም፤ የፍሬ ቁጥሮች ዝርዝር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መንገድ ላይ ክሊክ ሲያደርግ «የቱን ነካ?» የሚለውን ፕሮግራሙ ራሱ አስልቶ ማግኘት አለበት፤ ማውዙ ከእያንዳንዱ ቁራጭ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ። ሁሉንም በየእንቅስቃሴው ካሰላ ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ይግላል። ከተማውን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ በአቅራቢያው ያለውን ብቻ መፈተሽ ነው መላው። መስመር መሣሉን አንድ ማታ ጨርሼዋለሁ። ይሄኛው ሁለት ወር በልቷል።

የራሴን ጥፋትም ልናገር። መጀመሪያ ቦታዎቹን በ32 ቢት ፍሎት፣ ማለትም ኮምፒውተር የአሥርዮሽ ቁጥርን በተወሰነ ቦታ ጠቅጥቆ በሚይዝበት ዘዴ ነበር የያዝኳቸው። ነጥብ ስጎትት ይዘላል። የሚገርመው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘላል፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ ግን 10 ብቻ። ማውዙን ቀየርኩ፣ ምንም። ለካስ ጎንደር 12 ዲግሪ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ፍሎት ለአሥርዮሹ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። አሁን ዲግሪውን በ10 ሚሊዮን አባዝቼ በሙሉ ቁጥር ነው የማስቀምጠው። አንድ እርምጃ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ይበቃል።

ቀያሽ ስለሆንኩ ሳልጠየቅ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ርዝመት ከስክሪኑ ላይ እንዳትለኩ። ድረ ገጾች ክቧን ምድር ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ለመዘርጋት የሚጠቀሙበት የመርካተር ዘዴ በእኛ ኬክሮስ (ላቲቲዩድ) 100 ሜትሩን 102.5 ያህል አድርጎ ይለጥጠዋል። ሌላው፣ የቆዩት የአገራችን ካርታዎች ቦታ የሚለኩበት መነሻ አዲንዳን የሚባለው ነው፤ ጂፒኤሳችሁ የሚጠቀመው መነሻ ደግሞ ሌላ ነው፣ ደብሊውጂኤስ 84። ሳይቀይሩ ማደራረብ ሁሉን ነገር ከ100 ሜትር በላይ ያንሸራትታል። ጎረቤቴ የጠየቁኝ ሁለት ሜትር ብቻ ነበር።

ደግሞ ያልበሰለ ኤዲተር ይዛችሁ እውነተኛው መዝገብ ላይ አትግቡ። ኦፕንስትሪትማፕ ለሙከራ የተለየ ሰርቨር አለው፣ እዚያ አበላሹ። እኔ ትናንት ማታ እዚያው ነበርኩ። አንዲት ፍሬ ሰረዝኩ፣ ሦስት መንገድ ይዛ ጠፋች። ኮንትሮል ዜድ ስል ሁለቱ ተመለሱ። ሦስተኛው የት እንደገባ ዛሬ ማታ እፈልገዋለሁ።