ለኢስላሞፎቢያ የሚሰጥ ምላሽ፦ ከዓለም አቀፍ ተቋማት እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ

ኢስላሞፎቢያ በእስልምናና በተከታዮቹ ላይ የሚያነጣጥር ጥላቻ፣ መሠረተ ቢስ ፍርሃትና አድልዎ ነው። ይህ ዳሰሳ ሙስሊሞችና ተቋሞቻቸው ለዚህ ችግር የሰጡትን ምላሽ ይመለከታል። ስለ አውሮፓና ስለ አሜሪካ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ኮልፌ፣ ስለ ቡራዩና ስለ ሰበታ ግን በአማርኛ ተሰባስቦ የተቀመጠ ነገር እምብዛም ስለሌለ፣ እዚህ ሰፊውን ቦታ የያዘው የአዲስ አበባ ዳርቻ ነው።

ዓለም አቀፍ ገጽታ

በምዕራቡ ዓለም የተለመደው ምላሽ በደልን መዝግቦ ለሕግና ለመገናኛ ብዙኃን ማቅረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የአሜሪካና እስልምና ግንኙነት ምክር ቤት (ኬር) እና እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የብሪታንያው ቴል ማማ የሚታወቁት በዚህ ነው። የጀርመን መስጂዶች ሌላ መንገድ መርጠው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 3 ቀን በራቸውን ለጎረቤት ሁሉ ይከፍታሉ። በፈረንሳይ ተመሳሳይ የምዝገባ ሥራ ይሠራ የነበረው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 በመንግሥት ውሳኔ ፈርሷል። መንግሥት ማኅበሩን ከአክራሪነት ጋር አያይዞ ሲከስ፣ ማኅበሩና የመብት ተሟጋቾች ክሱን አልተቀበሉም።

መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጂዶች ለጁምዓ ሶላት በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ በተፈጸመ ጥቃት 51 ሰዎች ተገደሉ። ልክ በሦስተኛ ዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ፓኪስታን በእስልምና ትብብር ድርጅት ስም ባቀረበችው የውሳኔ ሐሳብ መሠረት፣ ዕለቱን ዓለም አቀፍ ኢስላሞፎቢያን የመዋጊያ ቀን ብሎ ሰየመው።

በኢትዮጵያ፦ ከ1966 እስከ አወሊያ

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩን ባልደረቦች ተቀብላ ያስጠለለች አገር ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄያቸውን በአደባባይ ያቀረቡት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በመቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰለፉ። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው። መጅሊስ በሚል አጠራር የሚታወቀው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በደርግ ዘመን ተቋቋመ። የካቲት 14 ቀን 1987 ዓ.ም. በታላቁ አንዋር መስጂድ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

አወሊያ የሙስሊም ሚሽን ትምህርት ቤት በከተማዋ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ይገኛል። በ2004 ዓ.ም. መምህራኑ በጅምላ ከሥራ ሲሰናበቱ ተማሪዎቹ ተቃውሞ አነሡ። ተቃውሞው ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ የመላ አገሪቱ ሙስሊም ጥያቄ ሆነ። ጥያቄዎቹ ግልጽ ነበሩ፦ መንግሥት አሕባሽ የተባለውን የእስልምና ቡድን አስተምህሮ በሥልጠና ስም አይጫንብን፤ የመጅሊስ አመራሮች በነፃ ምርጫ ይመረጡ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። መንግሥት እንቅስቃሴውን ከአክራሪነት ጋር ሲያያይዝ፣ ምእመኑ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ ጁምዓን እየጠበቀ ጥያቄውን ማሰማቱን ቀጠለ። አንዳንድ ጁምዓ መፈክር ይሰማል፤ አንዳንድ ጁምዓ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሶላቱን ጨርሶ ቢጫ ወረቀት ከፍ አድርጎ በዝምታ ይቆማል። ተወካዮቹ 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁመው መንግሥትን አነጋገሩ። በየመስጂዱ በሚዘጋጀው የሶደቃና የአንድነት ፕሮግራም በሬ ታርዶ፣ ሀብታምና ድሃ ሳይለይ አንድ ትሪ ከቦ ይበላ ነበር። በአገራችን ታሪክ እንዲህ ሰፊ፣ እንዲህ የታገሠና ሥርዓት የጠበቀ ንቅናቄ ብዙ አይገኝም።

ሐምሌ 2004 ዓ.ም. አንዱ ፕሮግራም በአወሊያ ግቢ እየተዘጋጀ ሳለ ፖሊስ በሌሊት ገባ፤ የኮሚቴው አባላትም በዚያው ሰሞን ታሰሩ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች በፀረ ሽብር ሕጉ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት በ2010 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ዑለማዎች ተሰብስበው አዲስ የመጅሊስ አመራር ሰየሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ምክር ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የራሱን ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ከዚያ ወዲህ አቤቱታ የሚያቀርብ፣ ስምምነት የሚፈርም፣ በፍርድ ቤት የሚቆም ተቋም አለ።

ሸገር ከተማ፣ 2015

ያ አቅም ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። አዲስ አበባን የሚከቡት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ ተብለው ሲዋሐዱ፣ ሕገ ወጥ የተባሉ ግንባታዎች በስፋት ይፈርሱ ጀመር። መኖሪያ ቤቶች ፈረሱ፤ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ በመግለጫው 19 ብሎ የቆጠራቸው መስጂዶችም ፈረሱ። የከተማው አስተዳደር እርምጃው ሕግን ማስከበር ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ዘመቻው እስልምናን ብቻ ለይቶ ያነጣጠረ ነበር ማለት ያከራክራል፤ የአምልኮ ቦታን ከባለቤቶቹ ጋር ሳይመክሩ በዶዘር ማፍረስ ግን ምእመኑን ክፉኛ እንዳቆሰለ አያጠያይቅም።

ምክር ቤቱ በመጀመሪያ በደብዳቤ አቤት አለ፤ ቀጥሎ ለሕዝብ መግለጫ አወጣ። ግንቦት 18 እና ግንቦት 25 ቀን፣ ሁለቱም ጁምዓ፣ በአንዋር መስጂድ የተነሣው ተቃውሞ በኃይል ተበትኖ የሰው ሕይወት አለፈ። ጉዳዩ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ወደ ድርድር ጠረጴዛ ዞረ።

መስጂዶቹ ለምን ሕገ ወጥ እንደተባሉ ለመረዳት የዳርቻ መስጂድ እንዴት እንደሚቆም ማየት ይጠቅማል። በአዲስ ሰፈር ጥቂት አባወራዎች ተሰባስበው ጀመዓ (የምእመናን ማኅበር) ይመሠርታሉ፤ መሬት በመዋጮ ይገዛሉ ወይም አንዱ ከይዞታው ላይ ይሰጣል። በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ቆርቆሮ ይመታል፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት) በርሜልና ጀሪካን ይቀመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆች እዚያው ቁርኣን ይቀራሉ። የይዞታ ማረጋገጫው ግን ከዓመት ዓመት ይጓተታል፤ ሰፈሩ በማስተር ፕላን ሲካተት መስጂዱ «ሕገ ወጥ» ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዳርቻው የመብት ጥያቄ በአብዛኛው የመሬት ጥያቄ ነው፦ ለመስጂድ፣ ለመድረሳና ለመቃብር የሚሆን ቦታ። የጀመዓ ኮሚቴዎች የመዋጮ ደረሰኝ፣ የሽያጭ ውልና የማመልከቻ ቅጂ በፋይል አስረው የሚያስቀምጡት አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ የሚያሳዩት ሌላ ማስረጃ ስለሌላቸው ነው።