ሴል ባዮሎጂ ሽምደዳ አይደለም፦ ጅማ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ የባዮሎጂ ተማሪዎችን ማስጠናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አድቫንስድ ሴል ባዮሎጂ የሚባለው ኮርስ ሲመጣ ጎበዞቹም ጭምር ይደነግጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው ኮርሱ ራሱ አይደለም። ከሃይስኩል ይዘውት የመጡት ወይም ከሲኒየር የሰሙት የተሳሳተ ነገር ነው። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ላንሳ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ስሞቹን ከሸመደድክ ኤ ነው»

ይሄ ብዙ ልጆችን ጎድቷል። የፍሬሽማን ፈተና በሽምደዳ ሊታለፍ ይችላል። እዚህ ግን የጥያቄው ዓይነት ይለወጣል። ለምሳሌ፦ ኦሊጎማይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ኤቲፒ ሲንቴዝን (የሴሉን የጉልበት ምንዛሪ፣ ኤቲፒን፣ የሚሠራውን ፕሮቲን) ይዘጋል፤ ሴሉ የሚጠቀመው ኦክስጅን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? አንዲት በጣም ትጉ ተማሪ ሾርት ኖቷን ብታገላብጥ ብታገላብጥ መልሱን አጣችው። «ማይቶኮንድሪያ የሴሉ ኃይል ማመንጫ ነው» ይላል ኖቱ። ልክ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አይበቃም።

ወረቀት አውጥተን በሥዕል አየነው። ማይቶኮንድሪያ ከምግብ የመጣውን ኤሌክትሮን ወደ ኦክስጅን ሲያሻግር፣ በዚያው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሜምብሬን ወዲያ ይገፋል። ፕሮቶኖቹ በኤቲፒ ሲንቴዝ በኩል ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ኤቲፒ ይሠራል። አሁን መመለሻው ተዘጋ። መውጫው የተዘጋ መናኸሪያ አስቡ፤ የቆሙት መኪኖች ካልወጡ የሚመጡት መግቢያ የላቸውም። ፕሮቶኑ ይጠራቀማል፣ መግፋቱ ይከብዳል፣ የኤሌክትሮኑ ጉዞ ይዘገያል።

«ኦክስጅኑ ይቀንሳላ!» አለች።

«ሌላ ቀዳዳ ብንከፍትለትስ?» አልኳት። ዲኤንፒ የሚባለው ኬሚካል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ፕሮቶኖቹን በሌላ መንገድ ያሳልፋቸዋል። ሴሉ ኦክስጅን መጠቀሙ እንደገና ይጨምራል፤ ኤቲፒ ግን የለም፤ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ውፍረት መቀነሻ ተብሎ ይሸጥ ነበር። ሰው ገድሏል። በ1938 ለሰው የማይሰጥ አደገኛ ነገር ተባለ። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ ይህንን መንገድ የረሳችው አይመስለኝም፤ መሸምደድም አላስፈለጋትም።

«ሴል ሜምብሬን የሴሉ አጥር ነው»

አጥር አይንቀሳቀስም። ሜምብሬን ግን ከስብ የተሠራ፣ ፕሮቲኖቹ እየዋኙ የሚኖሩበት ስስ ነገር ነው። እንዴት ታወቀ? በ1970 ፍራይ እና ኤዲዲን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰውን ሴል ከአይጥ ሴል ጋር አዋሃዱ። የአንዱን ፕሮቲኖች በቀይ፣ የሌላውን በአረንጓዴ ምልክት ለዩ። መጀመሪያ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነበር። በሰውነት ሙቀት 40 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ሁለቱ ቀለሞች ተደባለቁ። ሲያቀዘቅዙት ደግሞ መደባለቁ ቆመ። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋ የለ? እንደዚያው ነው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ስታዩ፣ ለቅጽበት የቆመ ነገር እያያችሁ መሆኑን አትርሱ።

«ዕፅዋት ክሎሮፕላስት ስላላቸው ማይቶኮንድሪያ የላቸውም»

አላቸው። ክሎሮፕላስት ምግብ የሚሠራው በብርሃን ነው። የቡና ዛፍ ሥር ግን ብርሃን አያገኝም፤ ቅጠሉም ሌሊት ብርሃን የለውም። ሁለቱም በማይቶኮንድሪያ ነው የሚኖሩት።

«ክሮሞሶም የበዛለት ፍጡር የበለጠ የረቀቀ ነው»

ጤፍ 40፣ የኛ ቡና (አረቢካ) 44፣ ሰው 46፣ ድንች 48 ክሮሞሶም አላቸው። ድንች ይበልጠናል ልንል ነው? ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች በአብዛኛው 22 ብቻ ነው ያላቸው፤ አረቢካ የሁለት ዝርያዎችን ክሮሞሶም አንድ ላይ ይዞ የመጣ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ መቻላቸውን እዩ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ሴሏ ግን አይደብቅም፦ 31 ከአህያ አባቷ፣ 32 ከፈረስ እናቷ፣ በድምሩ 63። ሚዮሲስ (የዘር ሴሎች የሚሠሩበት ክፍፍል) ላይ በትክክል መጣመር ያቅታቸዋል፤ በቅሎ የማትወልደውም በዋናነት ለዚህ ነው።

«ይሄ ሁሉ ከኑሯችን ጋር አይገናኝም»

ወባን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማለት ይከብዳል። የወባ ተውሳክ ሴል ውስጥ አፒኮፕላስት የሚባል ክፍል አለ፤ ከክሎሮፕላስት ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ ብርሃን ግን አይጠቀምም። የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ፕሮቲን የሚሠሩለት ራይቦሶሞቹም የባክቴሪያን ይመስላሉ። ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያን የሚመታ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ይህን ክፍል ስለሚያገኘው ነው። የሚገርመው፣ ተውሳኩ ወዲያው አይሞትም። ተባዝቶ አዲስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ ነው የሚያቅተው። አንድ መድኃኒት ለምን ቶሎ እንደማይሠራ የሚያስረዳው ሴል ባዮሎጂ ነው።

«ውድ ላብ ከሌለ ምንም ማየት አይቻልም»

ለብዙ ነገር ላብ ያስፈልጋል፤ ልክ ነው። አንድ ተራ ማይክሮስኮፕ ካገኛችሁ ግን ከገበያ ቀይ ሽንኩርት ግዙ። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ሐምራዊ ስስ ልጣጭ ላጡና በውኃ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጉት። ሴሎቹ ጡብ መስለው ተደርድረው ታያላችሁ፤ ሐምራዊው ዳር እስከ ዳር ሞልቷቸዋል። አሁን የጨው ውኃ ጠብ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የሴሉ ግድግዳ ባለበት ይቆማል፤ ሐምራዊው ግን ከግድግዳው እየተላቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰባል። አጥሩ ግድግዳው ነበር፤ አሁን እየሸሸ ያለው ሜምብሬኑ ነው። ጨዉን አታብዙት፤ ሴሉ ከሞተ አይመለስም። ካላበዛችሁት ግን በንጹሕ ውኃ እጠቡትና ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እዩ። ሐምራዊው ቀስ እያለ ተመልሶ ግድግዳው ድረስ ይሞላል።