የፊልም ደም ምንድን ነው?

የፊልም ደም ካሜራ ፊት ደም መስሎ እንዲታይ የሚዘጋጅ ፈሳሽ ነው። ዋናው ፈተናው ስክሪን ላይ ነው። ሳህን ላይ ምንም የማይመስለው እዚያ ሰው ያስጮኻል።

ለዚህ ከአልፍሬድ ሂችኮክ “ሳይኮ” የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ጃኔት ሊ የምትጫወታት ማሪዮን ሻወር ቤት ገላዋን እየታጠበች በቢላ ትገደላለች። ግድያው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቀረጻው ግን 7 ቀን ፈጅቷል። ከውሃው ጋር እየተሽከረከረ ወደ ቱቦው የሚወርደው ደም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቸኮሌት ሽሮፕ! ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ መቅላት አላስፈለገውም። ጠቆርና ወፈር ብሎ ነጩ ገንዳ ላይ ጎልቶ መታየቱ በቂ ነበር። ቢላው ሲወጋ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ሜሎን እየተወጋ የተቀዳ ነው። ያን ሁሉ ሰው ያስበረገገው ግድያ ቸኮሌትና ፍራፍሬ ነው ማለት ነው። ይሄን እያወቅኩም የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው የበርናርድ ኸርማን ቫዮሊኖች ሲጮኹ ዛሬም እደነግጣለሁ። ጥበብ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

በከለር ፊልም ግን ቸኮሌት ብቻውን አያዋጣም። እዚህ አዳማ ጓደኞቼ አጭር ፊልም ሲሠሩ መጀመሪያ የሞከሩት የቀይ ስር ጭማቂ ነበር። ቀጠነ፣ ሸሚዙም ላይ ወደ ሐምራዊ ሄደ። ሟቹ ሰላጣ የተደፋበት መሰለ። ከዚያ ስኳር በውሃ አፍልተው አወፈሩና ሲቀዘቅዝ ቀይ የምግብ ቀለም ጨመሩበት። ትንሽ ካካዎም ነሰነሱ። ካካዎው ሮዝነቱን ያጠፋል፣ ደሙንም ያደፈርሰዋል። አሪፍ ወጣ!

ግን ስኳር ነው፤ የአዳማ ሙቀት አለ፤ ዝንብ መጣ። ሟች ደግሞ ዝንብ አያባርርም። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ቻለ፣ ቻለ፣ አፍንጫው ላይ ስታርፍበት ግን አስነጠሰው። ካት! ሳቁ እስኪያልፍ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተንከባለለ። ልጁን ግን አደንቀዋለሁ፤ ያን ያህል ዝም ብሎ መተኛት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ካሜራው፣ መብራቱና ተዋናዩ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው ደሙ የሚቀባው። ልብስ ላይ ለሚፈሰው ደም ቀድማችሁ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል ካደረጋችሁበት፣ ልብሱ ሲታጠብ ለመልቀቅ ይቀለዋል። ከአፍ ለሚወጣው ግን ሳሙና የሌለበት በሌላ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ።